ቤት ኤሎሂም፦ የቻርለስተን ምኩራብና የአሜሪካ ተራማጅ አይሁድነት አወላለድ

በአይሁድ እምነት ውስጥ ተራማጅ ወይም የተሃድሶ ወገን የሚባለው፣ ኦሪትንና የአበውን ቃል ኪዳን እንደያዘ፣ የጸሎቱ ቋንቋ፣ ሥርዓቱና ልማዱ ግን ከዘመኑ ጋር ሊሻሻል ይገባል ብሎ የሚያምነው ክንፍ ነው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከጀርመን ተነሥቶ ነው፤ በ1810 በዜሰን፣ በ1818 ደግሞ በሃምቡርግ፣ ኦርጋን የሚሰማባቸውና ስብከት በአገሬው ቋንቋ የሚሰጥባቸው የጸሎት ቤቶች ተከፍተዋልና። ከአትላንቲክ ማዶ ግን፣ በሳውዝ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በቻርለስተን ከተማ፣ ቃሃል ቃዶሽ ቤት ኤሎሂም የተባለ ጉባኤ የራሱን ተሃድሶ በራሱ መንገድ ወልዷል። ስሙ በዕብራይስጥ «ቅዱስ ጉባኤ፣ የእግዚአብሔር ቤት» ማለት ነው። ይህ ጉባኤ በክርክር ተከፍሏል፣ በእሳት ተፈትኗል፣ ፍርድ ቤት ቆሟል፣ በጦርነት ደህይቶም እንደገና ተገናኝቷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደጋግሞ የተነሣው ጥያቄ፣ የአባቶችን ሥርዓት የመለወጥ ሥልጣን የማን ነው የሚለው ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1669 እስከ 1794፦ በወደብ ከተማ የተተከለ ጉባኤ

ፈላስፋው ጆን ሎክ በረቂቁ የተሳተፈበት የ1669 የካሮላይና መሠረታዊ ሕግ፣ ቅኝ ግዛቱ ለአይሁድና ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ለሆኑ ሌሎች አማኞች ክፍት እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ሕጉ በሙሉ ሥራ ላይ ባይውልም፣ በአውሮፓ ከአገር አገር ሲባረሩ ለኖሩ ሰዎች መንፈሱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነበር። በ1695 ስፓኒሽ የሚያውቅ አንድ አይሁዳዊ ለገዥው በአስተርጓሚነት እንዳገለገለ ተመዝግቧል፤ በቻርለስተን ስለ አይሁድ መኖር የሚናገረው የመጀመሪያው ማስረጃም ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርታት፣ ከለንደንና ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ነጋዴዎች እየተበራከቱ ሄደው በ1749 ጉባኤውን መሠረቱ።

ጉባኤው የተከተለው የሰፋርዲ ሥርዓት ነው። ሰፋርዲ የሚባሉት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከስፔንና ከፖርቱጋል የተባረሩት አይሁድ ዘሮች ሲሆኑ፣ ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ደግሞ አሽከናዚ ይባላሉ። በቻርለስተን አሽከናዚዎቹ ቁጥራቸው እየበዛ ቢሄድም የሰፋርዲው ዜማና ሥርዓት ክብሩን እንደጠበቀ ቆየ፤ የቆየና የተከበረ ነውና ማንም ሊነካው አልደፈረም። ጉባኤው በ1764 በኮሚንግ ጎዳና የራሱን መካነ መቃብር አገኘ። ከምእመናኑ መካከል እንደ ሞዝስ ሊንዶ ያሉት፣ ለካሮላይና ሀብት መሠረት በነበረው ሰማያዊ ማቅለሚያ፣ በኢንዲጎ ንግድ፣ ስማቸው የገነነ ነበሩ። በአሜሪካ የነጻነት ትግል ዋዜማ ፍራንሲስ ሳልቫዶር ለቅኝ ግዛቱ ሸንጎ ተመረጠና፣ በ1776 በውጊያ ላይ ሕይወቱ አለፈ።

በ1790 የወጣው የሳውዝ ካሮላይና ሕገ መንግሥት ለምርጫና ለሹመት የነበረውን የሃይማኖት መስፈርት ሲያነሣ፣ የቻርለስተን አይሁድ በአውሮፓ ወገኖቻቸው ያላገኙትን ሙሉ የዜግነት መብት ተጎናጸፉ። በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን የደስታ ደብዳቤ ላኩ፤ ምላሽም አገኙ። በ1794 በሄዝል ጎዳና ያሠሩት ምኩራብ ሲመረቅ የግዛቱ ገዥ ዊልያም ሞልትሪ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ተገኝቷል። ከውጭ ለሚያየው ሕንፃው በአካባቢው ካሉት አብያተ ክርስቲያናት የማይለይ ነበር። ያ ሕንፃ ዛሬ የለም፤ በፊቱ የቆመው ከባድና ያማረ የብረት አጥር ግን እስካሁን አለ።

ከ1794 እስከ 1824፦ ብዛት፣ ብልጽግናና ቅሬታ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በቻርለስተን ወደ 500 የሚጠጉ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ ይህም ከተማዋን ኒው ዮርክንና ፊላደልፊያን ሳይቀር አስበልጦ በአሜሪካ ትልቁ የአይሁድ ማኅበረሰብ መኖሪያ አድርጓታል። ነጋዴዎች፣ ጠበቆች፣ ሐኪሞች፣ መምህራንና የጋዜጣ ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቻቸው ከክርስቲያን ልጆች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ተምረው እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ሆኖ ነበር። ምኩራቡ ውስጥ ግን ጸሎቱ ከዳር እስከ ዳር በዕብራይስጥ ነበር፣ ስብከት አይሰጥም ነበር፣ የስጦታ ማስታወቂያ እንኳ በስፓኒሽ ይነገር ነበር። ኦሪት ሲነበብ ወደ መጽሐፉ የመቅረብ ክብር በገንዘብ ስለሚገኝ፣ በጸሎቱ መሀል ገንዘብ መጠራቱ አንዳንዶችን ያሳፍር ጀመር።

ሥልጣኑ በእጁ የነበረው አድጁንታ የተባለው ጠባብ የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። በ1820 የጸደቀው የጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ ለሸንጎው ሰፊ ሥልጣን የሚሰጥና ሥርዓት ያፈረሰን በገንዘብ መቀጮ የሚቀጣ ነበር። በዚሁ ደንብ ውስጥ ወደ እምነቱ ለመግባት የሚሹ ሰዎች የሚጠየቁትን የሚዘረዝር አንቀጽ አለ፤ በመጨረሻው ላይም የሚገባው ሰው ከጥቁር ዘር እንዳይሆን ይከለክላል። ይህን አንቀጽ ዘልሎ ማለፍ ለታሪኩ ታማኝ አለመሆን ነው። በቻርለስተን ባርነት የከተማዋ ኑሮ መሠረት ነበር፣ አብዛኞቹ የአይሁድ ቤተሰቦችም እንደ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ባሪያዎች ነበሯቸው። ከግብፅ ባርነት መውጣትን በየዓመቱ በፋሲካ የሚዘክር ጉባኤ ይህን ደንብ ሲጽፍ በሁለቱ መካከል ያለውን ግጭት ያነሣ ሰው ስለመኖሩ የተጻፈ ነገር የለም። ያም ሆኖ በ1850ዎቹ ቢሊ ሳይመንስ የተባለ፣ በባርነት የሚኖርና ጋዜጣ እያዞረ የሚያድል ጥቁር ሰው በምኩራቡ ተቀምጦ ይጸልይ እንደነበር የጊዜው ረቢ ጽፏል፤ ከማንም በላይ ጸሎት የማያስታጉል እንደነበርም መስክሮለታል።

ቅሬታውን ወደ ሐሳብ ከለወጡት ሰዎች ዋነኛው አይዛክ ሃርቢ ነው። በ1788 በቻርለስተን ተወልዶ መምህር፣ የተውኔት ጸሐፊና የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኗል። የአሜሪካ መንግሥት በቱኒስ የነበረውን አይሁዳዊ ቆንስል ሞርደካይ ኖህን ሃይማኖቱን ምክንያት አድርጎ ካነሣ በኋላ፣ ሃርቢ በ1816 ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለጄምስ ሞንሮ በጻፈው ደብዳቤ፣ አይሁድ በችሮታ የሚታገሡ ወገን ሳይሆኑ የሕዝቡ ሙሉ አካል መሆናቸውን አስረግጦ ተከራክሯል። በአገሩ ጉዳይ የእኩልነት ድምፅ ያለው ሰው በምኩራቡ ጉዳይ ዝም እንዲል መጠየቁ ሃርቢን ሊዋጥለት አልቻለም።

ከ1824 እስከ 1833፦ አቤቱታውና የተሃድሶው ማኅበር

በ1824 መገባደጃ 47 ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለአድጁንታ ቀረበ። የጠየቁት ነገር ዛሬ ሲታይ መጠነኛ ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ጸሎቶች በዕብራይስጥ ከተነበቡ በኋላ በእንግሊዝኛ እንዲደገሙ፣ የሚበዛው ክፍል አጥሮ በእርጋታ እንዲነበብ፣ በየሳምንቱ ከሚነበበው የኦሪት ክፍል ተነሥቶ በእንግሊዝኛ ስብከት እንዲሰጥ፣ በጸሎት መሀል ገንዘብ መጥራቱም እንዲቀር የሚል ነበር። በሆላንድና በጀርመን ተመሳሳይ ለውጥ መጀመሩንም ጠቅሰዋል። ከጥያቄው በስተ ጀርባ ያለው ሥጋት ግልጽ ነበር፤ ወጣቶቹ የማይገባቸውን ጸሎት ትተው ከምኩራቡ እየራቁ ነበር፣ የክርስቲያን ሚስዮናውያንም በዚያው ዘመን በአይሁድ መካከል መሥራት ጀምረው ነበር። አቤቱታ አቅራቢዎቹ ሊያፈርሱ ሳይሆን የሚፈርሰውን ሊይዙ እንደመጡ ያምኑ ነበር።

ሸንጎው አቤቱታውን ለውይይት እንኳ ሳያቀርብ መለሰው። ይህ ውሳኔ የታሪኩ የመጀመሪያ መታጠፊያ ነው፤ በጉባኤው ውስጥ ሊስተናገድ ይችል የነበረውን ጥያቄ ከጉባኤው ውጭ አውጥቶታልና። በ1825 መጀመሪያ ላይ አቤቱታ አቅራቢዎቹ «የተሃድሶ እስራኤላውያን ማኅበር» የተባለ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በተከራዩት አዳራሽ በራሳቸው መንገድ ጸለዩ፤ በእንግሊዝኛ ሰበኩ፣ ዜማውን በሙዚቃ መሣሪያ አጀቡ። ሃርቢ፣ አብርሃም ሞይዝና ዴቪድ ኑኔስ ካርቫልዮ ያዘጋጁት የጸሎት መጽሐፍ በ1830 ታተመ፤ በአሜሪካ ምድር የተዘጋጀው የመጀመሪያው የተሃድሶ ጸሎት መጽሐፍም እሱ ነው። የመካከለኛው ዘመን ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ በ13 አንቀጽ የደነገገውን የእምነት መግለጫ አሳጥረው፣ የሥጋን ትንሣኤና የመሲሑን መምጣት የሚመለከተውን ትተውታል። ከአቤቱታው መጠነኛነት ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ የራቀ እርምጃ ነበር። እምቢታ የገጠመው የለውጥ ሐሳብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል ሊከር እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ማኅበሩ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። የቻርለስተን ንግድ ተዳክሞ ሰዎች ወደ ኒው ዮርክና ወደ ኒው ኦርሊንስ ይሰደዱ ነበር፤ ሃርቢ ራሱ በ1828 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ። የአባልነት ጉዳይ የቤተሰብም ጉዳይ ነበር፤ ወላጆች በአንዱ፣ ልጆች በሌላው ወገን ተሰልፈው ለዘለቄታው መኖር ከባድ ነው። ከሁሉ በላይ ማኅበሩ የተማሩ ሰዎች ስብስብ እንጂ መንጋና እረኛ ያለው ጉባኤ አልነበረም፤ ሥርዓቱን ተረክቦ የሚመራ ካህን አልነበረውም። በ1833 ፈረሰና ከአባላቱ ብዙዎቹ ወደ ቤት ኤሎሂም ተመለሱ፤ ሐሳባቸውንም ይዘው ነበር የተመለሱት።

ከ1836 እስከ 1841፦ እሳትና ኦርጋን

በ1836 ጉባኤው ጉስታቭስ ፖዝናንስኪን ሐዛን አድርጎ ሾመ። ሐዛን የጸሎቱ መሪና አዚያሚ ነው፤ ረቢ ባልነበረበት ዘመን ግን የመምህርነቱም ሥራ በእርሱ ላይ ይወድቅ ነበር። ፖዝናንስኪ የፖላንድ ተወላጅ ሲሆን በሃምቡርግ ኖሯል፣ በኒው ዮርክም በሃይማኖት ሥርዓት ከብት የሚያርድ ባለሙያ ሆኖ ሠርቷል። ለሹመቱ የመሰከረለት የፊላደልፊያው አይዛክ ሊዘር ነበር፤ ሊዘር የወግ ጠበቃ ስለነበር፣ ፖዝናንስኪም ሥርዓት አክባሪ ስለሆነ፣ ነባሮቹ ምእመናን በምርጫው ተደሰቱ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1838 በከተማዋ ላይ የተነሣው ከፍተኛ ቃጠሎ ምኩራቡን አመድ አደረገው። ከውስጡ የቀረ መልክ ቢኖር ከማኅበሩ መሥራቾች የአንዱ ልጅ፣ ሠዓሊው ሰለሞን ኑኔስ ካርቫልዮ፣ ከቃጠሎው በኋላ በትዝታው የሣለው ሥዕል ነው። በዚያ ሥዕል ላይ በመሀል የቆመው የንባብ መድረክ፣ ፊት ለፊት የኦሪት ጥቅልሎች የሚቀመጡበት ማኅደር፣ በጎንና በጎን የሴቶች ሰገነት በጸጥታ ይታያሉ። በዚያው በ1838 ጉባኤው በአገሪቱ ሁለተኛ የሆነውን የአይሁድ የሰንበት ትምህርት ቤት አቋቁሞ በእንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ፤ ምኩራቡ ሳይሠራ፣ ለውጡ በልጆቹ በኩል በቀስታ ገብቶ ነበር።

አዲሱ ሕንፃ በጥንታዊ የግሪክ ቤተ መቅደስ አምሳል፣ በፊቱ ወፋፍራም ዓምዶች ቆመውለት፣ በዴቪድ ሎፔዝ ተቋራጭነት ተሠራ። ሎፔዝ የጉባኤው አባል ነበር፤ ግንባታውን ካካሄዱት እጆች መካከልም የባሪያዎቹ እጆች ነበሩበት። በትልቁ በር አናት ላይ በእብነ በረድ ጽላት «ስማ እስራኤል» የሚለው የእምነት ቃል ተቀረጸ። ግንባታው እየተካሄደ ሳለ በ1840 የምእመናኑ አንድ ክፍል በአዲሱ ቤት ኦርጋን ይተከል የሚል ጥያቄ አቀረበ።

የዛሬ አንባቢ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ይህን ያህል ለምን እንዳከራከረ ሊገርመው ይችላል። በአይሁድ ሕግ በሰንበት መሣሪያ መጫወት ከተከለከለ ሥራ ይቆጠራል፤ ከዚህም ሌላ በ70 ዓ.ም. የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ከፈረሰ ወዲህ መሣሪያ ከምኩራብ የተለየው ለኀዘን መታሰቢያ ነው ይባላል። ስለዚህ ኦርጋን መትከል ለወግ አጥባቂው ክርስቲያንን መምሰል ብቻ ሳይሆን ኀዘኑን ማቆም፣ ወደ ኢየሩሳሌም የመመለስንም ተስፋ መተው ነበር። ለደጋፊዎቹ ደግሞ ዳዊት በበገና ያመሰገነውን አምላክ በመሣሪያ ማመስገን ነውር አልነበረም። ሁሉም ዐይኑን በፖዝናንስኪ ላይ ጣለ፤ እርሱም ነባሮቹ ያልጠበቁትን መልስ ሰጠ፣ ኦርጋኑን ደገፈ። ጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ሲሰጥ 46 ደግፈው 40 ተቃወሙ።

ሃርቢ በክርክርና በጽሑፍ ያላገኘውን፣ ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በስድስት ድምፅ ብልጫ ጉባኤው ራሱ ወሰነው። ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው፤ በ1824 የለውጥ ጥያቄ ለሸንጎ ቀርቦ ተመለሰ፣ በ1840 ግን ምእመናኑ በሙሉ ተጠርተው ወሰኑ። በአሜሪካ ከነባር ምኩራቦች ኦርጋን የተከለው የመጀመሪያው ቤት ኤሎሂም ሆነ። በመጋቢት 1841 ሕንፃው ሲመረቅ ፖዝናንስኪ በንግግሩ ለእነርሱ ኢየሩሳሌማቸው ይህች ከተማ፣ ቤተ መቅደሳቸውም ይህ ምኩራብ እንደሆነ ተናገረ። ፔኒና ሞይዝ የተባለችው የጉባኤው ባለ ቅኔ፣ በኋላ ዐይኗ ጠፍቶ እንኳ መጻፏን ያላቋረጠች ሴት፣ ለአዲሱ ሥርዓት የእንግሊዝኛ መዝሙሮች ጻፈች፤ በ1842 የታተመው የመዝሙር መጽሐፍ በአብዛኛው የእርሷ ሥራ ነው። የተሸነፉት 40ዎቹ ግን በዚያ ዜማ ሊጸልዩ አልቻሉም፤ ወጥተው ሺሪት እስራኤል፣ ማለትም «የእስራኤል ቅሪት»፣ የተባለ ጉባኤ መሠረቱ።

ከ1843 እስከ 1846፦ ክርክሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ

በ1843 ፖዝናንስኪ አንድ እርምጃ ጨመረ፤ በዓላት ሁለት ቀን መከበራቸው ቀርቶ አንድ ቀን ይበቃል አለ። ከእስራኤል ምድር ውጭ የሚኖሩ አይሁድ በዓላቱን ሁለት ሁለት ቀን የሚያከብሩት፣ በጥንት ዘመን አዲስ ጨረቃ የታየችበትን ቀን የሚያበሥረው መልእክት ስለሚዘገይባቸው፣ እንዳይሳሳቱ ሲሉ ነበር፤ የዘመን አቆጣጠሩ በስሌት ከተወሰነ በኋላም ልማዱ ቀጠለ። የፖዝናንስኪ ሐሳብ ኦርጋኑን የታገሡትን እንኳ አስደነገጠ፤ በጉባኤው ውስጥ የቀሩት ወግ አጥባቂዎች ቀደም ሲል ወጥተው የነበሩትን መልሰው አባል በማድረግ የድምፅ ብልጫውን ሊያገኙ ሞከሩ። ለውጥ ደጋፊዎቹ እምቢ አሉ፤ ሕንፃውና የጉባኤው መብት የማን ነው የሚለው ጉዳይ ወደ ግዛቱ ፍርድ ቤት ሄደ።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1846 ለለውጥ ደጋፊዎቹ ፈረደ። ዳኛው አንድሩ በትለር የሰጡት ምክንያት ከውሳኔው ይልቅ ይመዝናል፤ ኦርጋን በአይሁድ ሥርዓት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን መወሰን የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም፣ ሥርዓትም በየዘመኑ ሳይለወጥ አይቀርምና ጉዳዩ የሚወሰነው በጉባኤው አብላጫ ድምፅ ነው የሚል ነበር። በአውሮፓ ብዙ ቦታዎች መንግሥት በምኩራብ ጸሎት ጣልቃ እየገባ ሲፈቅድና ሲከለክል በነበረበት ዘመን፣ ይህ ፍርድ ለተሃድሶው ያልታሰበ ጋሻ ሆነለት፤ በአሜሪካ ጉባኤ ከራሱ ምእመናን በላይ አዛዥ የለበትም ማለት ነበርና።

መራራነቱ ግን ሙታንንም አልማረም። በኮሚንግ ጎዳና በሁለቱ ጉባኤዎች መካነ መቃብር መካከል የጡብ ግንብ ቆመ፤ በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ከሞት በኋላ በግንብ ተለያዩ።

ከ1861 እስከ 1873፦ ጦርነት ያስታረቃቸው

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 በቻርለስተን ወደብ ሲጀመር የሁለቱም ጉባኤዎች ወጣቶች ለደቡቡ ወገን፣ ባርነትን ለማቆየት ለቆመው መንግሥት፣ ዘመቱ። ከ1863 ጀምሮ ከተማዋ በመድፍ ስትደበደብ፣ ቤት ኤሎሂም ኦርጋኑንና የኦሪት ጥቅልሎቹን ለጥንቃቄ ወደ ኮሎምቢያ ከተማ ላከ፤ በየካቲት 1865 ኮሎምቢያ ስትቃጠል አብረው ነደዱ። ያን ሁሉ ጠብ ያስነሣው ኦርጋን በዚህ ዓይነት ጠፋ።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ጉባኤ የሚያስተዳድር ሰውም ገንዘብም አልነበረም። በ1866 ቤት ኤሎሂምና ሺሪት እስራኤል፣ ከሁለቱም ሥርዓት የተውጣጣ የመሀል መንገድ ይዘው፣ በአንድ ምኩራብ ለመጸለይ ተስማሙ፤ በመካነ መቃብሩ የነበረው ግንብም ፈረሰ። ድህነት ያስገደደው ዕርቅ ቢሆንም ጸና። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኦርጋን እንደገና ተተከለ፣ በ1873ም የአሜሪካ የተሃድሶ ጉባኤዎች ኅብረት ሲመሠረት ቤት ኤሎሂም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሆነ።

ከ1873 ወዲህ፦ የቀረው ጥያቄ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወንዶችና ሴቶች በምኩራቡ አብረው መቀመጥ ጀመሩ። የተሃድሶው ማእከል ብዙ ስደተኛ ወዳለባቸው ወደ ሲንሲናቲና ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ስለነበር፣ ቻርለስተን ከዚያ በኋላ አዲስ ሐሳብ የምታፈልቅ ሳትሆን የታሪክ ማኅደር ሆነች። ከ1894 ጀምሮ ያገለገለው ረቢ ባርኔት ኤልዛስ በ1905 ስለ ሳውዝ ካሮላይና አይሁድ ያሳተመው መጽሐፍ የጉባኤውን መዛግብት ከመጥፋት አትርፏል። ሕንፃው በ1980 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

የ1820ው አንቀጽ ያነሣው ጥያቄ ግን ገና መልስ አላገኘም ነበር። በ1960ዎቹ ረቢ በርተን ፓዶል የጥቁሮችን የእኩልነት ትግል በይፋ ሲደግፍ ከጉባኤው ውስጥ ተቃውሞ ገጠመው፤ በጊዜው አብዛኛው ነጭ የቻርለስተን ነዋሪ ዘር መለያየትን የሚደግፍ ስለነበር፣ የነጋዴ ምእመናን ፍርሃት ከየት እንደመጣ መረዳት ይቻላል፣ ረቢው ግን በ1967 ቦታውን ለቆ ሄደ። በቅርብ ዓመታት ጉባኤው በምኩራቡ ግቢ ውስጥ፣ ከ1794ቱ የብረት አጥር ጀርባ፣ ሕንፃውን በጉልበታቸው ያቆሙትን በባርነት የነበሩ ሰዎች የሚዘክር ሐውልት አቁሟል።